ባለጉዳይ እና ቃሉ

መዓት የወረደበት ሰው ምን ያጣል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ቤቱን፥ ሀብቱንና ዘመዱን ያጣል የሚል መልስ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በመዝገብ የማይሰፍር ሌላ ጉዳት አለ። ይኸውም ስለ ገዛ ራሱ የመናገር ሥልጣኑን ማጣቱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ እርሱ የሚናገሩት ሌሎች ይሆናሉ፤ እርሱ ግን ይቈጠራል፥ ይመዘገባል፥ ይታዘንለታል እንጂ አይጠየቅም። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ሕይወቱን እንደ ገና ለመሥራት ሲነሣ ባዕድ ቋንቋ መማር ይጠቅመዋልን? ቢጠቅመውስ ጥቅሙ የእንጀራ ብቻ ነውን?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ምክንያት የሆኑኝ በብስራተ ገብርኤል ሠፈር በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ናቸው። እኚህ እናት የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ቤታቸው በደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ፥ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት አሸዋማ ወንዝ ነው፤ ሆኖም በላይኛው የሐረርጌ ደጋ ብርቱ ዝናም የጣለ እንደ ሆነ ጎርፉ በከተማው ላይ በድንገት ይደርሳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፥ ሰው በተኛበት ሌሊት የደረሰው ጎርፍ 250 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቈጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቀለ። ጎረቤቴም በዚያች ሌሊት ቤታቸውንና የበኵር ልጃቸውን አጡ።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ የውጭ አገር ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በወጥ ቤት ሥራ ተቀጠሩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ ደብተር ይዘው ወደ እኔ ዘንድ ገቡና፥ «ልጄ፥ እንግሊዝኛ አስተምረኝ» አሉኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ቢሆንም እሺ አልኋቸው። ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ያሰቡ መስሎኝ ነበር።

አንድ ምሽት የአሁኑን ጊዜ ወደ ኃላፊ ጊዜ የመለወጥ መልመጃ ሰጠኋቸው፤ «ኢዝ» የነበረው ሁሉ «ወዝ» እንዲሆን ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከራሳቸው እንዲያወጡ ብጠይቃቸው፥ ቤቴ ደቻቱ ዳር ነው የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ። «ኢዝ»ን ሰርዘው «ወዝ» ሊጽፉ እርሳሳቸውን ቢያነሡ ግን እጃቸው ቆመ። ብዙ ቈይተው ጻፉት። ከዚያም በአማርኛ፥ «ይህን በራሴ አፍ ስናገረው ገና የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚናገርልኝ ሌላ ሰው ነበር» አሉኝ።

የትምህርቱን ጥቅም የተረዳሁት በዚህ ጊዜ ነው። ተረጂ የሆነ ሰው ይሰጠዋል እንጂ ምንም አይፈለግበትም፤ ተማሪ የሆነ ሰው ግን ነገ መልስ ይጠበቅበታል፤ ቢሳሳትም ይታረማል። የሚታረም ሰው ደግሞ መናገር እንደሚችል የታመነበት ሰው ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው ጋዜጠኛና የኬንያው ካሜራ አንሺ ሞሐመድ አሚን ስለ ኮረም ረኀብተኞች ያዘጋጁት ዜና በቢቢሲ ቴሌቪዥን በቀረበ ጊዜ ዓለም ተነቃነቀ። ዜናው ለብዙ ነፍሳት መዳን ምክንያት ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ስለ እነርሱ የተነገረበትን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ዓለምም ፊታቸውን ያየውን ያህል ቃላቸውን አልሰማም።

ከዚህ ተነሥቶ፥ እንግዲያስ መዓት ያገኘው ሁሉ እንግሊዝኛ ይማር የሚል ቢኖር፥ ከፊል እውነት ይዟል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ቋንቋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ስላደረገው፥ ለእንጀራም ለዕውቀትም በር መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ጎረቤቴን አስቀድሞ ያልሰማቸው ሰው ባዕድ አልነበረም። ከጎርፉ በኋላ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ታሪካቸውን በአማርኛ ሲጀምሩ፥ ጸሓፊው አቋርጦ፥ «የጠፋውን ንብረት ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው። የልጃቸው ስም በአፋቸው እንዳለ ተመለሱ። ቋንቋቸው አንድ ነበር፤ የጐደለው ሰሚ ነበር።

ይህን ሲነግሩኝ አንገቴን ደፋሁ። እኔም ከመስኮት ጀርባ የምቀመጥ ጸሓፊ ነኝና ስንቱን ባለጉዳይ «ባጭሩ» እያልሁ እንዳቋረጥሁ ቈጥሬ አልጨርሰውም። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ነገር ግን ሰሚ አጥቶ ዝም ባለ ሰው ልብ ውስጥ ኀዘን ሲነቅዝ አይቻለሁ።

እንግዲህ ከመዓት የተረፈ ሰው ባዕድ ቋንቋ ቢማር መልካም ያደርጋል፤ ሲማር ለራሱ የሚናገር ሰው ይሆናልና። ግን የፈረሰ ሕይወት የሚሠራው በተናጋሪው ድካም ብቻ አይደለም። የመናገሩን ድርሻ ጎረቤቴ በስተእርጅናቸው ጀምረውታል፤ የመስማቱ ድርሻ በየጠረጴዛውና በየክፍሉ የምንቀመጥ የእኛ ነው፤ ለዚህም ባዕድ ቋንቋ አያስፈልገንም። ጎረቤቴ ዛሬም ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔም መልመጃውን ከመጀመራችን በፊት ስለ ልጃቸው በአማርኛ ጥቂት እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ እስኪጨርሱም ድረስ አላቋርጣቸውም።