ከአካል የገባ ዕቃ የማን ነው?

እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ሕመሙ ሳይናገር ስለሚመጣ ምድጃ አጠገብ ብቻዋን አትቆምም፤ ወንዝም ብቻዋን አትወርድም። ስለዚህ በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን፣ በ15 ታማሚዎች ላይ የተደረገውን ሙከራ ያነበብኩት እንደ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ኒውሮቪስታ የተባለው ኩባንያ ኤሌክትሮዶችን ራስ ቅል ውስጥ፣ ከአንጎል ገጽ ላይ አስቀመጠ። ሽቦው በቆዳ ሥር ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረ መሣሪያ ይገናኛል፤ ታማሚው በእጁ የሚይዘው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ሕመሙ ሲቃረብ ቀይ፣ ሲርቅ ሰማያዊ ያበራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትወድቅ የኖረች አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ2010 ተተከለላት። ቀዩን ስታይ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ኖራ ኖራ ሰውነቷን አመነችው፤ መሣሪያውና እርሷ አንድ እንደሆኑም ተናገረች። በ2013 ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና መሣሪያው ይውጣ ተባለ። ከባሏ ጋር ቤታቸውን አስይዘው ሊገዙት ለመኑ፤ አልሆነም። ከሁሉም መጨረሻ ወጣላት። የአካሏን ክፍል እንዳጣች ሆና አዘነች።

መምህሮቻችን ሰው ከ4 ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከ3 ባሕርያተ ነፍስ እንደተፈጠረ ያስተምራሉ፤ ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት። ሽቦ ለነፍስ ልቡና አይጨምርላትም፤ ይህን አልጠራጠርም። ሥጋ ግን ሁልጊዜም ከውጭ የሚመጣ ነው። የበላሁት ጤፍ ሥጋዬ ከሆነ በኋላ ገበሬው መልስልኝ አይለኝም። ታዲያ አንዲት ነፍስ ለሦስት ዓመት ያህል ያለ ፍርሃት የኖረችበትን ብረት የኩባንያ ንብረት የሚያደርገው ምንድን ነው? የፈረመችው ወረቀት?

የሐኪሞቹን ስጋት አልንቅም። ጠባቂ የሌለው መሣሪያ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ይህን አደጋ ከቀድሞው ፍርሃቷ ጋር መዝኖ መወሰን ግን የእርሷ ፈንታ ነበር፤ ሁለቱንም በሰውነቷ የምታውቃቸው እርሷ ናትና።

ቺሊ በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎልን እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ በሕግ ጥበቃ ሥር አደረገች። መልካም ነው። እኔ ግን ስለ መሣሪያውም ሕግ እንዲወጣ እሻለሁ፦ ኩባንያው ቢከስር ለጥገናና ለሐኪም የሚውል ገንዘብ ከሙከራው በፊት በሌላ እጅ ይቀመጥ። ይህን ማድረግ የማይችል ከመጀመሪያውም የማንንም ራስ ቅል አይክፈት።