ከደጋ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው ለማን ተጠያቂ ነው?

ከጨንቻ ወይም ከዶርዜ ወርዶ አርባ ምንጭ ለመኖር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው ኑሮን ነው። ደጋው እንሰትና ገብስ ያበቅላል፤ ማሳው ግን ለልጅ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠቧል። ከታች፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ የሙዝ እርሻና ንግድ አለ፤ ሙቀትና ወባም አለ። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር የመንግሥት ሥራ አብሮ ወረደ። በ1979 የተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው፣ ከዘመድና ከሽማግሌ ርቆ የሚኖር ሰው ስለ ጥፋቱ ለማን ተጠያቂ ነው የሚለው ነው።

በጋሞ ደጋ ለዚህ የቆየ መልስ አለ። ወጋ የተባለውን ሥርዓት የጣሰ ሰው ጎሜ ያመጣል። ጎሜ በጥፋተኛው ብቻ አይቆምም፤ በልጁ ሕመም፣ በከብቱ ሞት፣ በሰብሉ መክሸፍ ይገለጣል ተብሎ ይታመናል። የአንዱ በደል የጎረቤቱም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ጥፋትን በሰው ፊት ተናግሮ መታረቅ ሲሆን፣ የጋራ ጉዳይ ደግሞ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ይታያል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጎሜን አይቀበሉም፤ ይቅርታ ከክርስቶስ ነው ብለው ያስተምራሉ። ሆኖም ከወንድም ጋር ሳይታረቁ መባ ማቅረብን ወንጌልም ስለሚነቅፍ፣ በዕርቅ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ይህ ሥርዓት ግን ሁሉንም እኩል አላቀፈም። ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ጪናሻና ደጋላ የሚባሉት፣ ማላ ከሚባሉት የሙሉ መብት ባለቤቶች ጋር በዱቡሻ እኩል ድምፅ አልነበራቸውም፤ በጋብቻም ተለይተው ኖረዋል። ስለ ባህል መላላት የሚያዝኑ ሰዎች ይህን ሊዘነጉት አይገባም። ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ቶሎ የማይጠየቅበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም የተከራየችው ቤት ትልቅ ነፃነት ነው። ለእርሷ ከተማ መግባት ከሥርዓት መሸሽ አይደለም፤ እንደ ሰው ለመቆጠር የሚደረግ ጉዞ ነው።

ታዲያ ከተማው የሽማግሌን ቃል ያጠፋል? መስከረም 2011 የሆነው ነገር አያጠፋም ያሰኛል። በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ በወጋው ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ፤ ያለ ጥፋታቸው ሊጠቁ የነበሩ ሰዎችም ተረፉ። ይህ በከተማ ጎዳና ላይ፣ የወጋው ትርጉም ገና ባልጠፋባቸው ልጆች ፊት የሆነ ነገር ነው።

የሽማግሌው ቃል ባለመጥፋቱ የከተማው ቅርበት ድርሻ ያለው ይመስላል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ የወረደው ሰው ለለቅሶም ለዕርቅም መውጣት ይችላል። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የገባ ሸማኔ ግን አገሩን የሚያየው ብዙውን ጊዜ ለመስቀል ነው። ስለዚህ ከደጋ መውጣት ግድ ለሆነበት ሰው፣ ኑሮው ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ አርባ ምንጭ ትመረጣለች። ሽማግሌዎቿም ደጋው የነፈገውን ይስጡ፤ የሸክላ ሠሪውን ልጅ በሸንጎው እኩል ያስቀምጡ።