ስውሩ አውሮፕላንና የሰው ልጅ ኃላፊነት

የሰው ልጅ የጦር መሣሪያውን ከጠላት ዓይን ለመሰወር ሲጥር መኖሩ የታወቀ ነው። በዘመናችን ግን አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል። ከራዳር የሚሰወር፣ በውስጡም ሰው የሌለበት አውሮፕላን ሲሠራ ከመሣሪያው ጋር ኃላፊነትም አብሮ ይሰወራልን?

ጥያቄው ከአሠራሩ የሚመነጭ ስለሆነ አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ተመላሹን በመቀበል አውሮፕላን ያለበትን ያውቃል። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች የአውሮፕላኑን ገጽ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲመልስ አድርገው ይቀርጹታል፤ ሞገድ የሚውጥ ቅብ ይቀቡታል፤ ሞተሩን በአካሉ ውስጥ ይሸሽጉታል፤ ብዙ ጊዜም ጅራቱን ያስቀሩታል። ጅራት የሌለው አውሮፕላን ሚዛኑን መጠበቅ ስለሚቸግረው ኮምፒዩተር ያለ ዕረፍት ሊያርመው ይገባል። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ከአዛዡ ጋር በሬዲዮ በተነጋገረ ቍጥር ያለበትን ቦታ ሊያጋልጥ ይችላል። ተሰውሮ ለመቆየት ዝም ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ደግሞ ብዙውን ነገር በራሱ መወሰን ይኖርበታል። እንግዲህ መሰወሩ ራሱ ሰውን ከውሳኔው ያርቀዋል።

ሙከራዎቹስ ምን ያስተምሩናል? ዳርክስታር የተባለው የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛ በረራው ሲነሣ ወድቆ ተሰባበረ፤ ዕቅዱም በ1999 ተሰረዘ። አብራሪ ስላልነበረው በውስጡ የሞተ የለም፤ ይህም መልካም ነው። በሐምሌ 2013 ደግሞ ኤክስ-47ቢ የተባለው ጅራት አልባ አውሮፕላን በባሕር ላይ በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሁለት ጊዜ በራሱ አረፈ። ለሌላ ማረፍ ሲቃረብ ግን ከአቅጣጫ መሪ ኮምፒዩተሮቹ በአንዱ ጉድለት ስላገኘ መርከቡን ትቶ ወደ የብስ ሄደ። የራሱን ጉድለት ማወቁ ያስደንቃል። ሆኖም የተጠራጠረው መሣሪያውን እንጂ ተልእኮውን አይደለም። «ይህ ሰው ሊገደል ይገባዋልን?» የሚለውን ጥያቄ በኅሊና ሚዛን የሚመዝን ኮምፒዩተር የለም።

አንዳንዶች መሣሪያ አይቈጣም፣ አይፈራም፣ አይበቀልም፤ ስለዚህ ከወታደር ይልቅ ሕግን ያከብራል ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የማይቈጣው አይራራም፤ የማይፈራውም አያፍርም። ጸጸት የማያውቅ ነገር ስለ ፈሰሰው ደም ሊጠየቅ አይችልም። ከዚህም ሌላ፣ በላኪው ወገን የሚያለቅስ እናት በማይኖርበት ጊዜ ወደ ጦርነት የሚያስገባው በር እንዳይቀል ያሠጋል።

ስለሆነም እንዲህ ያለው አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት፣ ስለሚያደርገው ሁሉ መልስ የሚሰጠው ሰው በስሙ ሊታወቅ ይገባል። ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜም መሣሪያው የሚመለስ እንጂ የሚተኵስ ሆኖ ሊነደፍ አይገባውም። አውሮፕላኑ ከራዳር ቢሰወርም፣ ያዘዘው ሰው ከሕግና ከኅሊናው ሊሰወር አይፈቀድለትም።