የእርሳስ ወታደር ይዋሻልን?

የጣት አንጓ የምታህል የእርሳስ ወታደር ቀብቶ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ምሽት ላይበቃ ይችላል። መጀመሪያ መደቡ ይቀባል፤ ሲደርቅ ኮቱ፣ ሱሪው፣ የቆዳ ማንገቻው ተራ በተራ ይከተላል። በመጨረሻ ውሃ የበዛበት ጠቆር ያለ ቀለም ይፈስበታል። ቀለሙ ወደ ልብሱ እጥፋት ወርዶ ይተኛና ጥላ ይሆናል። ናፖሊዮን በተሸነፈበት በዋተርሉ ጦርነት የተሰለፈውን እንግሊዛዊ እግረኛ የሚቀባ ሰው፣ የተራው ወታደርና የመኮንኑ ኮት አንድ ዓይነት ቀይ እንዳልነበረ ያውቃል። የተራው ከተክል ሥር በሚወጣ ርካሽ ቀለም የተነከረ ነበርና ቶሎ ወደ ጡብ መልክ ይደበዝዛል፤ የመኮንኑ ከነፍሳት በሚገኝ ውድ ቀለም የደመቀ ነው። ይህን ለይቶ የቀባ ሰው «እውነቱን ሠራሁ» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ እውነት የምትገኘው ኮቱ ላይ ነው?

አንድ ሰው «አሻንጉሊት እኮ ነው፤ እውነትም ሐሰትም አይባልም» ሊለኝ ይችላል። ለዚህ ሰው የካፒቴን ዊልያም ሳይቦርንን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ሳይቦርን እ.ኤ.አ. በ1830 የዋተርሉን ጦር ሜዳ ትንሽ ሞዴል እንዲሠራ ታዘዘ። ላ ኤ ሳንት በተባለው እርሻ ለወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ ከጦርነቱ ለተረፉ መኮንኖች «ማምሻውን አንድ ሰዓት ገደማ የት ነበራችሁ? ከፊታችሁ ያለው ጠላትስ ምን ይመስል ነበር?» እያለ ደብዳቤ ጻፈ። የመንግሥት ገንዘብ ሲቋረጥበት ከራሱ ኪስ ቀጠለ። በ1838 ሥራው ለንደን ላይ ለሕዝብ ሲታይ ከ70 ሺህ በላይ ጥቃቅን ወታደሮች ቆመውበት ነበር።

በዋተርሉ የእንግሊዝን ጦር የመራው መስፍን ዌሊንግተንና በዙሪያው የነበሩት ግን አልወደዱትም። በኮቱ ቀለም የተከራከረ የለም። ክርክሩ የእንግሊዝ አጋር የነበረው የፕሩሺያ ጦር በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ቀርቦ፣ ይህን ያህል በዝቶ ነበር ወይ የሚል ነው። ድሉ የማን ነው ማለት ነው። ሳይቦርን ውሎ አድሮ እጅ ሰጠና ብዙዎቹን የፕሩሺያ ወታደሮች ከሜዳው ላይ አነሳ።

እንግዲህ አሻንጉሊቱ ምንም የማይናገር ቢሆን ኖሮ ናፖሊዮንን ያሸነፈ መስፍን ምን አስጨነቀው? የእርሳሱ ወታደር ምስክር ነው። ምስክር ከሆነ ደግሞ ሊዋሽ ይችላል፤ የሚዋሸውም በቆመበት ቦታና በቁጥሩ ነው። የአዝራሩ ትክክለኛነት ለዚህ ውሸት ጥሩ መሸፈኛ ይሆናል። አዝራሩን ያመነ ተመልካች ሰልፉንም ያምናልና።

የእኛ ሠዓሊዎች በዚህ ረገድ ግልጽ ናቸው። በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል ወገን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጠላት በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሠዓሊው ለማን እንደሚያደላ አልደበቀም። የእርሳስ ወታደር ቀቢ ግን ለሁሉም እኩል ሁለት ዓይን ይነጥብና ፍርዱን በአሰላለፉ ውስጥ ይሰውራል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከዋተርሉ ውጊያ በፊት የነበረው ሌሊት ዶፍ የጣለበት ነው፤ ወታደሩ ጭቃ ላይ አድሮ ነው የተሰለፈው። በሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ ግን ኮቱ ንጹሕ፣ ማንገቻው ነጭ ነው። ጭቃውስ ይቀባ፤ የሚደክሙለት ሰብሳቢዎችም አሉ። ሞትን ግን እንዴት ያደርጉታል? እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» በተባለው መጽሐፉ የእንጨት ጥይት በሚተኩስ የአሻንጉሊት መድፍ የሚደረግ ጨዋታ ደነገገ፤ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እንደሚሻልም ተከራከረ። በዓመቱ ትልቁ መጣ። በእነዚህ ጨዋታዎች የወደቀ ወታደር በሁለት ጣት ተነስቶ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ጠረጴዛውም ይጸዳል። በዋተርሉ በአንድ ቀን የሞተውና የቆሰለው ወደ 50 ሺህ ይጠጋል፤ ያን ሜዳ ደግሞ ማንም በሁለት ጣት አላጸዳውም። ከጨዋታው ሁሉ ትልቁ ውሸት ይህ ይመስለኛል፤ ቀቢው የሠራው ሳይሆን ተጫዋቹ ሳያስበው የሚዋሸው።

የሳይቦርን ሥራ ዛሬ ለንደን፣ ቼልሲ በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ነው። ለማየት የታደለ ሰው ከቀይ ኮቶቹ በፊት ፕሩሺያኖቹ የመጡበትን የምሥራቁን ወገን ይመልከት።