ዛፉን ማን ገደለው?

በግንቦት ወር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በባሕር ዳር አስፋልት ዳር ስንሄድ፣ በክረምቱ ተሰልፈን ከተከልናቸው ችግኞች አብዛኞቹ ደርቀው አየን። «ምን ይደረግ፣ ፀሐይ ፈጀቻቸው» አለና መንገዱን ቀጠለ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ገዳይዋ ፀሐይ ብቻ ናትን?

ዛፍ ውሃ ሲያጥረው በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው አይተንበትም፤ ነገር ግን ምግቡን የሚሠራበት አየርም የሚገባው በእነዚያው ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ከጥም ለመዳን ሲል ይራባል። እንደ እኛ አካባቢ አንድ ክረምት ብቻ ባለበት አገር፣ እንደ ጥድ ያለ ዛፍ ባብዛኛው በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ የድርቅ ዓመት ቀለበትም ጠባብ ነው። እስከዚህ ድረስ ተጠያቂው ሰማይ ነው እንበል።

ግን እስቲ በሐይቁ ዳር አድርገን ወደ ዘጌ እንሻገር። ያችው ፀሐይ ናት፣ ያው ሰማይ ነው። ሆኖም እዚያ ዛፍ ለዛፍ ጥላ ነው፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን አልብሶ እርጥበቱን ያቆያል፤ ቡናው ከትልልቆቹ ሥር ተጠልሎ ያድራል። ይህም እንዲያው የመጣ አይደለም። የዘጌ ሰው ከአቡነ በትረ ማርያም ወረስነው በሚለው ሥርዓት መሬቱን በበሬ ሳያርስ በመኖሩ ነው። የከተማው ችግኝ ግን ብቻውን ነው። ሥሩን ድንጋይና ሲሚንቶ አፍኖታል፣ አስፋልቱ ሙቀቱን ይመልስበታል፣ የዘነበውም በቦይ ያልፈዋል።

«የከተማ ዛፍስ ይፋፋ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት በዓለም ዙሪያ ባሉ አሥር ከተሞች ዛፎች ከገጠር አቻዎቻቸው ፈጥነው ሲያድጉ ተገኝተዋል። ነገር ግን ፈጥነውም ያረጃሉ። ፍጥነት የጤና ምስክር አይደለም ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. ጣና እጅግ ጎድሎ የመርከቦች ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። ዝናቡ አንሶ ነበር፣ አዎን። በጨራጨራ በኩል ለመብራት ኃይል የተለቀቀው ውሃም ድርሻ ነበረው። እንግዲህ ሰማይና የሰው እጅ አብረው የሠሩትን ሰማይ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ቧንቧው በጠፋበት ሰሞን አንዲት እናት ጀሪካን አዝላ በፊቴ ስታልፍ፣ እኔ ዛፍ ላጠጣ? የለም፣ ሰው ይቅደም። ግን ሰው ይቅደም ማለት ቃላችን ይፍረስ ማለት አይደለም። ሰው ሲቸግረው ይሰደዳል፤ ዛፍ ባቆምነው ቦታ ይጠብቀናል። የምናጠጣው ከሌለን ያን ያህል መትከል አልነበረብንም። መቶ ተክሎ ከማጨብጨብ አሥር አሳድጎ ዝም ማለት ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ያለቀለቅሁበትን ውሃ አልደፋም፤ ከተረፉት ችግኞች ለአንዱ አደርሰዋለሁ። ጓደኛዬ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እናንተስ፣ የተከላችሁት የት ደረሰ?