ምሰሶና ጉልላት

የሣር ክዳን ቤት ከሩቅ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው በጉልላቱ ላይ ነው። ክዳኑን ከነጉልላቱ የተሸከመው ምሰሶ ግን ከውስጥ ነው፤ ጢስ ያጠቁረዋል፣ እንግዳ ይደገፈዋል፣ ስሙ ሳይነሣ ያረጃል። የሚታወሰው የተሰነጠቀ ዕለት ነው። በሰው ልጅ ሥራም ውስጥ ምሰሶና ጉልላት አሉ። ከዚህም አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፤ በአንዱ ትከሻ ላይ የቆመ ድል የማን ነው?

ጥያቄው ከመጻሕፍት ገጽ ይልቅ በላምበረት አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ማለዳ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚደርሰው ከፍታ፣ ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው ይሮጣሉ፤ የፊተኛው ነፋሱን ይከፍላል፣ የኋለኛው በእርሱ ከለላ ይተነፍሳል። በዚያው ተራራ ቁልቁለት እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ታች በላምበረት መናኸሪያ ደግሞ ወጣቶች የመንገደኛውን ጓዝ በትከሻቸው ያመላልሳሉ። ሁሉም ተሸካሚዎች ናቸው፤ ሸክማቸው ግን አንድ አይደለም።

የመሸከም ሙያ እስከ ጥግ የሚታይበት የውጭ ስፖርት ራግቢ ነው። በዚህ ጨዋታ ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰዎች አጎንብሰውና ተቃቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉበት ‹‹ስክረም›› የሚባል ትግል አለ። በፊተኛው ረድፍ ግራና ቀኝ የሚቆሙት 1 እና 3 ቁጥር ለባሾች ‹‹ፕሮፕ›› ይባላሉ፤ ቃሉ ድጋፍ፣ ባላ ማለት ነው። ከፊት የባላጋራ፣ ከኋላ የጓድ ግፊት የሚያርፈው በእነርሱ አንገትና ትከሻ ላይ ነው። እንግሊዛዊው አናጢ ጄሰን ሌናርድ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2004 በዚህ ቦታ ለአገሩ 114 ጊዜ ተሰለፈ። አንገቱ ተጎድቶ፣ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ በቀዶ ሕክምና ተተከለለት። በዚያ ሁሉ ዘመን ለእንግሊዝ ኳሷን ከግብ መሥመር ያሳረፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ቡድኑ በስክረም ሲቀጣ ተቀይሮ ገብቶ ረድፉን አጸና፤ እንግሊዝም አውስትራሊያን 20 ለ 17 አሸነፈች። ዓለም የሰማው ግን የመጨረሻዋን ኳስ የለጋውን የጆኒ ዊልኪንሰንን ስም ነው።

ኢትዮጵያም የራሷን ምሰሶዎች ታውቃለች። በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ፣ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፊቱን እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያንሩና ሲያበርዱ የፊንላንዶቹን ጉልበት ፈተኑ። በመጨረሻው ዙር ምሩጽ ተፈትልኮ ወርቁን ወሰደ። መሐመድ 3ኛ፣ ቶሎሳ 4ኛ ሆኑ። ቶሎሳን ከሜዳልያ የለየው ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነበር። ለ4ኛ የሚሰቀል ሰንደቅ የለም፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ሩጫ ያለ ቶሎሳ መተረክ ቤትን ያለ ምሰሶ መሣል ነው።

አንዳንዶች ‹‹ተሸካሚው ዋጋውን ተቀብሏል፤ ሒሳቡ ተዘግቷል›› ይላሉ። ደመወዝ ግን የዕለቱን ጉልበት ይገዛል እንጂ የተጎዳ አንገትን አይመልስም፤ ክብርም በክፍያ ደረሰኝ አይተካም። ሌሎች ደግሞ ‹‹ሁሉም እኩል ይወደስ›› ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው፤ የቀደመውን ካልቀደመው ሳይለዩ ማወደስ ውድድሩን ራሱን መካድ ነው። ፍትሕ የሚጠይቀው ምሰሶው ወደ ጣራ እንዲወጣ አይደለም። የቤቱ ታሪክ ሲነገር ስሙ እንዲነሣ፣ ሲሰነጠቅም እንደ ማገዶ እንዳይጣል ነው።

ከዚህ በላይ የከበደ ነገር አለ። ሌናርድና ቶሎሳ ሸክሙን መርጠው፣ ከጓዶቻቸው ጋር ተካፍለው ተሸከሙ። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው ብሂል የእነርሱ ነው። የእንጦጦዋ እናት ግን ብቻዋን ናት፤ የመረጠላትም ችግር ነው። የጎበጠ ጀርባዋን በሥዕል አስውቦ፣ በግጥም ‹‹ጽናት›› ብሎ አወድሶ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ውዳሴ ብዙ ጊዜ ዕዳን ላለመክፈል የሚሰጥ ርካሽ ምትክ ነው። በውድ ለተሸከመ ምስጋና ይገባዋል፤ በግድ ለተሸከመ ግን ከምስጋናው በፊት ሸክሙን የሚያወርድለት እጅ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ መምህሩ ታሪክ ሲያስተምር፣ ከያኒው ብሩሹን ሲያነሣ፣ ኃላፊውም የሥራ ውጤት ሲዘግብ አስቀድመው ሊለዩት የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ከፊታቸው ያለው ትከሻ የቆመው በፈቃዱ ነው ወይስ የሚተካው በማጣቱ? ለመጀመሪያው ስሙን መጥራት ይበቃ ይሆናል። ለሁለተኛው ግን ስም መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ አብሮ ማንሣት ያስፈልጋል።