የጓዳ ሥርዐትና የኅሊና ዕረፍት

ልጆቼ ሆይ፤ በአገራችን ልማድ እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን ዘወትር ተጠርጎና ተወልውሎ፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ብርጭቆውም በቡፌው ውስጥ ተደርድሮ ሲታይ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ጓዳ ግን ያልታጠበ ልብስ፣ የተሰበረ ዕቃና የባዶ ጀሪካን መከማቻ ሆኖ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። እንግዳን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ስለ ሆነ ይህን ልነቅፍ አልነሣም፤ ነገር ግን እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ሰው ከገዛ ኅሊናው ጋራ የሚገናኘው በዚያ ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ ነውና፣ ንጽሕናና ሥርዐት ከሳሎን ይልቅ ለጓዳ እንደሚያስፈልግ ልመክራችሁ እወዳለሁ።

ይህ ምክር ከእኔ የመነጨ አዲስ ነገር አይደለም። የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ በረሓ ሳለ፣ መንፈሰ ሀኬት ተነሥቶበት ልቡናውም በብዙ ሐሳብ ጨልሞበት ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ፣ የታየው ራእይ እሳትና መብረቅ አልነበረም፤ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ወደ ተግባረ እዱ ሲመለስ ነው ያየው። ያም የታየው መልአክ እንደ ነበረና ቅዱሱም እንደዚያው እያደረገ ከጭንቀቱ እንደ ዳነ የአበው ዜና ይነግረናል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ለጨለመ ሐሳብ የታዘዘው መድኃኒት ሌላ ጥልቅ ሐሳብ ሳይሆን፣ በጊዜው የሚሠራ ትንሽ የእጅ ሥራ ነበር፤ ልብ አልታዘዝም ባለ ጊዜ እጅ ቀድሞ ይሄዳል፣ ልብም ቀስ እያለ ይከተለዋል።

ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ፣ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የሻይ ነጋዴ የነበረው ዊልያም ቱክ፣ ከሃይማኖት ማኅበሩ ወገን የሆነች አንዲት ሴት በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ ሳለች በመሞቷ አዝኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1796 ለእነዚህ ሕሙማን ሌላ ዐይነት ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሕሙማን በሰንሰለት እየታሰሩ በጭድ ላይ ይጣሉ ነበር፤ የቱክ ቤት ግን የሚመላለሱበት የአትክልት ስፍራ፣ የሚሠሩት ሥራና ሰዓቱን የጠበቀ ማእድ ነበረው፤ የመስኮቱም ብረት እንኳ እስር ቤት እንዳይመስላቸው እንጨት መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። ይህ የመስኮቱ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ የታመመ አእምሮ እንኳ በዙሪያው ባለው ነገር እንደሚጽናና ወይም እንደሚከፋ አጥርቶ ያስተዋለ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ማን ያስበዋል?

በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ቤታቸውን እየዞሩ በራሳቸው ቃል እንዲገልጹ ተደርጎ ነበር። ቤታቸው የተዝረከረከና ሥራው ያላለቀ መሆኑን አብዝተው የተናገሩት ሚስቶች፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከጧት እስከ ማታ እንደሚገባው ሳይቀንስላቸው፣ መንፈሳቸውም ቀኑ እየመሸ በሄደ ቍጥር ሲከፋ ተገኘ፤ በባሎቹ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ጐልቶ አልታየም። እኔ እንደማስበው፣ የተከመረውን ዕቃ ባል ሲያየው ዕቃ ሆኖ ይታየዋል፤ ለሚስት ግን ገና የሚጠብቃት ሥራ ሆኖ ይታያታል። ስለዚህ ወንዶች ልጆቼ፣ መጥረጊያ መያዝን የእኅትና የሚስት ዕጣ ብቻ አድርጋችሁ አትቍጠሩት።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ በዚያ አልጋው መቀመጫም፣ ገበታም፣ ማንበቢያም ስለሚሆን ሳሎንና ጓዳ ብሎ መለየት የለም። እንዲህ ላለው ቤት የምመክረው ጥቂት ነው። ከእንቅልፋችሁ እንደ ተነሣችሁ፣ ስልካችሁን ሳትነኩ ብርድ ልብሱን አጥፋችሁ አንሶላውን ዘርጉ፤ መስኮቱንም ክፈቱ። ጧት እየተጣደፉ ቁልፍ መፈለግ ቀኑን በቍጣ ያስጀምራልና፣ ማታ ስትገቡ የምትሰቅሉበት አንድ ሚስማር ይኑራችሁ። ከሁሉም ይልቅ፣ የጠጣችሁበትን ሲኒ ሳታጥቡ አትተኙ፤ አተላው በሲኒው ሥር ደርቆ፣ ዝንብም ሰፍሮበት፣ ማለዳ ዐይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ከሆነ፣ አዲሱን ቀን የምትጀምሩት በትናንቱ ድካም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ለሁለት ሲኒ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ንጽሕናው ራሱ ጣዖት እንዳይሆንባችሁ ተጠንቀቁ። ሕፃን ምንጣፍ ረገጠ ብሎ የሚጮኽ፣ ጎረቤት ሲገባ ዐይኑን ከጫማው ላይ የማያነሣ ሰው፣ ቤቱ ቢያበራም በውስጡ ዕረፍት የለውም።

አሁን ደግሞ እጅግ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የቤት መዝረክረክ አንዳንድ ጊዜ የስንፍና ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው፤ ትካዜ የጸናበት ሰው ቤቱን የተወው ንጽሕናን ጠልቶ ሳይሆን ክንዱ ስለ ዛለ ነው። ይህን እናቶቻችንና አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ሰው የሞተበትን ቤተ ሰብ ቤታችሁን አንሡ የሚለው የለም፤ ጎረቤት ገብቶ ዕቃውን ያወጣል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ እንጀራና ወጡም ከየቤቱ ተሠርቶ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ከማልቀስ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። ያለ ሞት ላዘነ፣ ሥራ ላጣ፣ ትዳሩ ለፈረሰበት፣ ወይም ምክንያቱን ራሱ የማያውቀው ጨለማ ለወደቀበት ወጣት ግን ድንኳን የሚተክልለት የለም፤ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ያዩት ሁሉ ሰነፍ ይሉታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወዳጅ ካላችሁ፣ ቤቱን ዐይታችሁ አትገሥጹት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሂዱና ሲኒውን እጠቡለት፤ አንሶላውን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡለት፤ ሳምንታት አልፈው ካልተሻለው፣ ጠበል ቢወድ ጠበሉ ሳይከለከል፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ተራው እስኪደርስም አብራችሁት ተቀመጡ።